ከድንጋዩ በታች ያለው ውሃ

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር ጭጎጎት መልቀም ነው። ነቀምቴ ውስጥ፣ ልንገዛው ከተስማማነው ቤት በላይ፣ መንገድ ዳር አንድ የግንድ ጉቶ ላይ ተቀምጠን እሱ ከእኔ ቀሚስ ጫፍ፣ እኔ ከእሱ ሱሪ ላይ እየነቀልን እንጥል ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ጎርምሶ ስለነበር ድንበሩን ዞረን ስንወጣ ከጉልበታችን በታች ያለው ልብስ ጨርቅ አይመስልም ነበር። ታላቋ ልጃችን በመካከላችን ቆማ በአንድ እጇ ጆሮዋን ይዛ፣ በሌላው ሸንኮራ እየመጠጠች፣ እንባዋ ሳይደርቅ ታኝክ ነበር። እሱ የመጨረሻዋን ጭጎጎት ከጫማዬ ማሰሪያ ላይ አነሣት፤ ወደ ብርሃኑ አድርጎ አያትና፣ «ይቺስ ከእኛ ቀድማ ቤት ልትይዝ ነበር» አለ። ሳቅሁ። ተነሥተን ሄድን። በማግስቱ ጠዋት እሱ በጭነት መኪና ወደ ጊምቢ ተመለሰ፤ እኔ ነቀምቴ ቀረሁ።

የምጽፈው በዝግታ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ብዕሩን አስቀምጣለሁ።

ኑሯችን ጊምቢ ነበር። እሱ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር፤ እኔ ከጎጃም ዓባይን ተሻግሮ እዚያው የቀረ ነጋዴ ልጅ ነኝ። ከተጋባን ጀምሮ የራሳችን የምንለው ጣሪያ አልነበረንም። አንዱ አከራይ የልጅ ልቅሶ አይወድም፣ ሌላው ክፍሉን ለእህሉ ይፈልገዋል፤ እኛም ዕቃችንን ተሸክመን ከሰፈር ሰፈር እንዞራለን። ከየቤቱ ሁሉ የማስታውሰው የውሃውን ርቀት ነው። ሁለተኛውን ልጅ አርግዤ ዳገቱን በእንስራ ስወጣ ወድቄአለሁ። ስለዚህ ወደ ነቀምቴ መዛወሩን ነግሮኝ፣ ያጠራቀምነውን ይዘን ቤት እንግዛ ባለኝ ጊዜ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቆርቆሮም ሆነ ሣር ግድ የለኝም፣ ብቻ ውሃ ይኑረው አልሁት።

ቤቱ ባኬ ጃማ በሚባለው በኩል፣ ተዳፋት ላይ ነው። ሁለት ክፍል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በጓሮ ከቤቱ የተነጠለ ማድቤት፣ ከማድቤቱ በታች ጥቂት የቡና እግሮች አሉት። ከቡናው በታች መሬቱ ይጎደጉዳል፤ እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ክረምት ከበጋ የማይደርቅ ምንጭ አለ። ሻጩ፣ ጉቶ ጊዳ በሚባለው ገጠር ከልጁ ጋር ሊኖር የተነሣ አዛውንት ነበር። ምንጩን ከሩቅ በጣቱ አሳየን እንጂ የማን እንደሆነ አልተናገረም፤ እኛም እሱ ፊት ስለ ውሃ ጓጉተን እንዳንታይ ዝም አልን።

ድንበሩ የተያዘው በአገሩ ደንብ ነው። በዚያ አገር ድንበር ሲያዝ ልጅ ይወሰዳል። ሽማግሌ ይሞታል፣ ወረቀትም ምስጥ ይበላዋል፣ ልጅ ግን ይቆያል ይላሉ። እኛ ሁለቱን ትንንሾች ጊምቢ እናቴ ዘንድ ትተን የመጣነው ከስድስት ዓመቷ ታላቋ ልጃችን ጋር ነበርና እሷን አቀረብን። ድንበር የሚያስይዘው ሽማግሌ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይኑ ሞራ የጀመረው ሰው ነው። በየማዕዘኑ ድንጋይ ላይ ልጅቷን አቁሞ ጆሮዋን እስክታለቅስ ይቆነጥጣታል፤ ከዚያ ከኪሱ ቁራጭ ሸንኮራ አውጥቶ ይሰጣታልና በኦሮምኛ «ሂን ደገቲን»፣ አትርሺ ይላታል። ባለቤቴ የደንቡን ነገር ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ እሱም በአባቱ መሬት ተቆንጥጧል። ሆኖም ልጃችን ስታለቅስ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አይቶት፣ «አስተማሪ አይደለህ እንዴ? አንተ ትምህርት ቤት የምታደርገውን ነው እኛ ሜዳ ላይ የምናደርገው» ሲለው ሁሉም ሳቁ።

ሦስቱን ማዕዘኖች አብሬ ዞርሁ። ወደ አራተኛው፣ ወደ ምንጩ ሲወርዱ ግን መሬቱ ረግረግ ሆነ፤ ያለኝ አንድ ጫማ ነው፣ ማድቤቱ ጥግ ቀረሁ። ከታች የልጄን ልቅሶ ሰማሁ። ቆየት ብሎ ባለቤቴ ልጅቷን በትከሻው ተሸክሞ ብቅ አለ። ጉቶው ላይ ተቀምጠን ጭጎጎት ስንለቅም፣ «ውሃውስ?» አልሁት።

«ውሃ አለሽ፣ አታስቢ» አለኝ፤ ቀና ሳይል።

አላሰብሁም። ከዚያ ቀን በኋላ ያላሰብሁበት ነገር ቢኖር ውሃው ብቻ ነው።

በስምምነታችን መሠረት እሱ ጊምቢ ተመልሶ ተተኪ አስተማሪ እስኪመጣ ክፍሉን ይይዛል፤ ከገና በኋላ ልጆቹንና ዕቃውን ይዞ ይመጣል። እኔና ልጄ ነቀምቴ፣ ልጆቹ አዳዳ ከሚሏት ከአባታቸው እኅት ዘንድ እያደርን፣ ቀን ቀን ቤቱን እናድሳለን። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቦክቼ ግድግዳውን መረግሁ። ልጄ እጇን እርጥቡ ምርጊት ላይ አትማበት ነበር፤ ላጠፋው ስል አዳዳ ተዪው አለችኝና ተውሁት።

እሱ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ዴዴሳ ቆላ ላይ ተሰብሮ፣ መለዋወጫ ከነቀምቴ እስኪመጣ ሁለት ሌሊት እዚያ ማደራቸውን የሰማሁት ቆይቶ ነው። ለአንዲት አራስ ቦታውን ለቅቆ እሱ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ነበር አሉኝ። ዴዴሳ ክረምት ሲወጣ የወባ ንዳዱ የታወቀ ነው። ሰው ወንዙን በቀን ይሻገራል እንጂ አያድርበትም። ጊምቢ ደርሶ ሥራውን ጀመረ፣ ደኅና ነኝ ብሎም ላከብኝ። ከዚያ አንድ ሾፌር አዳዳ በር ላይ ቆሞ አስተማሪው ታሟል፣ ድረሺ ተብለሻል አለኝ። ደረስሁ፤ ግን ከቀብሩ በኋላ ነው የደረስሁት። እናቴ በር ላይ ስታየኝ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ነበር፤ ሌላ የነገረኝ የለም።

ስለ ልቅሶው አልጽፍም። ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ልቅሶው ጋብ ሲል ግን የቤቱ ነገር መጣ። ገንዘባችን በሙሉ እዚያ ቤት ውስጥ ነው፤ ሻጩ ወስዶ ገጠር ገብቷል። ጊምቢ የነበርንበትን ቤት አከራዩ ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። እናቴ አንድ ክፍል ነው ያላት፤ እሷ፣ እኔና ሦስት ልጆች አንድ መደብ ላይ እንተኛለን። ሆኖም አትሂጂ አለችኝ። የባልሽ መቃብር እዚህ ነው፣ ዘመድሽ እዚህ ነው፣ በሰው ከተማ ሦስት ልጅ ይዘሽ ማን ያውቅሻል ትላለች። አንድ ቀን ደግሞ ምስር እየለቀመች፣ ፊቴን ሳታይ፣ «ባል የሌለው ቤት አጥር የለውም ልጄ» አለችኝ። በነጋታው ያንኑ ቃል እኔም ለራሴ እል ጀመር።

ለመሄድ ፈራሁ፣ ለመቅረትም ፈራሁ። መቅረቱ ግን ልጆቼን እንደገና በኪራይ ቤት ማዞር ነው፤ እሱም የሞተው እነዚያን ልጆች ከዚያ ለማውጣት ሲመላለስ ነው። የነቀምቴው ትምህርት ቤት ኃላፊ የባለቤቴ ወዳጅ ነበር፤ ጀማሪዎቹን ፊደል የሚያስቆጥር ሰው እንደሚፈልግና እኔን እንደሚወስደኝ ላከብኝ። ከጥምቀት በኋላ ዕቃችንን በጭነት መኪና አስጫንሁ።

ከመንገዱ ሁሉ የፈራሁት ዴዴሳን ነው። ለመሳፈር ስንነጋገር ሾፌሩን የጠየቅሁት፣ ወንዙ ጋ ስንት ሰዓት እንደርሳለን ብቻ ነበር። እኩለ ቀን አለኝ። ግን ቡና ሲጭን ቆየ፣ ከዚያም ጎማ ፈነዳ፤ ቆላው ውስጥ ስንወርድ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላ ነበር። ከሰሌን ከተሠራች የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ፊት ቆመና ምሳ ልብላ ብሎ ወረደ። ሙቀቱ ያጥወለውላል። እኔ ሦስቱን ልጆች በጋቢ ጠቅልዬ፣ እግራቸውን ሳይቀር ሸፍኜ፣ በላያቸው ላይ እጄን እንደ ማራገቢያ እያወዛወዝሁ ተቀመጥሁ። ወንዱ ልጅ በላብ ራሰ። ትንሿ፣ ጡት በቅርቡ የተወች፣ ራሷን ከጋቢው ልታወጣ ትታገላለች፤ እኔ መልሼ እሸፍናታለሁ።

ሙዝ የምትሸጥ ሴት መጥታ ቆማ አየችን። ልጆቹ ምን ሆነው ነው ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አልሆኑም አልኋት። እሷም በአማርኛና በኦሮምኛ እያቀላቀለች፣ እኔ እዚሁ አምስት ወልጄ አሳድጌአለሁ፣ ጥር ላይ ትንኝ የለም፣ ሙቀቱ ይገድላቸዋል ግለጪያቸው አለች። እውነቷን ነበር። ግን የእሷ አምስት ልጆች እኔን ሊያጽናኑኝ አልቻሉም። ሾፌሩ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሲመለስ፣ ፀሐይዋን በእጄ አሳየሁት። አየኝ፣ ልጆቹን አየ፣ ረዳቱን ተቆጣና ሞተሩን አስነሣ። ድልድዩን ስንሻገር ወንዙን አላየሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብዙ ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ የሦስቱንም ግንባር በየተራ በእጄ ጀርባ እዳስስ ነበር።

ነቀምቴ ደረስን። አዳዳ መንገድ ላይ ጠበቀችን፤ አቅፋኝ አለቀሰችና፣ ከዚያ ፊቷን ጠረገች። ቤቱን ከማየትሽ በፊት የምነግርሽ አለ አለችኝ። ነገሩን ተናግራ ሳትጨርስ ደርሰን አየሁት። ከቤቱ በስተጀርባ፣ ከጓሮ በሩ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ አዲስ የእንጨት አጥር ቆሟል። ማድቤቱ ከአጥሩ ወዲያ ነው። ቡናው ከአጥሩ ወዲያ ነው። ከጓሮ በር ብወጣ የምቆምበት እንጂ የምሄድበት የለም።

ያጠረው የታችኛው ጎረቤት፣ የበቅሎ ነጋዴ ነው። ወፍራም፣ ድምፁ ጎርናና፣ ከበቅሎዎቹ ጋር ሲነጋገር መንገድ ላይ የሚሰማ ሰው። አዳዳ ቀድማ ሄዳ ስትጠይቀው፣ ድንበሩ እኮ ማድቤቱ ጥግ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፣ ማድቤቱም የተሠራው ተለምኜ ፈቅጄ ነው ብሏታል። ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ልብስ የሚታጠብበት እንጂ ድንበር አልነበረም፤ በቆምሁበት አውቀዋለሁ። ግን ማን ይሰማኛል? በውሉ ላይ የተጻፈው በላይ መንገድ፣ በታች እገሌ፣ በግራና በቀኝ እገሌና እገሌ ያዋስኑታል የሚል ብቻ ነው። ድንጋዮቹ የት እንዳሉ አይናገርም። ሻጩ ሲላክበት፣ ያለኝን ሸጫለሁ፣ ሽማግሌ ነበረ፣ እሱን ጠይቁ ብሎ መለሰ።

ያን ሰሞን ምግብ የማበስለው ከፊት በር ደጃፍ፣ መንገደኛ እያየኝ ነበር። ውሃ የምቀዳው ከሩቅ፣ ከሌላ ሰፈር ነው። ነጋዴው ባለፈ ቁጥር ሰላምታ ይሰጠኛል፤ ያ ነበር የሚያስፈራኝ። ቢሰድበኝ እሰድበው ነበር። እሱ ግን ባርኔጣውን አንሥቶ «አካም ቡልቴ አዴ፣ ልጆችስ?» ብሎ እንዴት እንዳደርን ይጠይቃል፤ እኔም ከልምድ ደኅና ነን እላለሁ። ከዚያ ገብቼ በሩን እዘጋለሁ። ማድቤቱ ከሄደ ነገ ግድግዳው ይሄዳል፣ ከዚያ እኔና ልጆቼ መንገድ ላይ ነን ብዬ አስባለሁ። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር እያልሁ ባለቤቴን በልቤ እጠይቀዋለሁ። መልሱ ሁልጊዜ ያው ነበር፤ አታስቢ።

ድንበር ያስያዘውን ሽማግሌ ለመለመን ሄድሁ። ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ አገኘሁት። ዓይኑ በእነዚያ ወራት ጨርሶ ነጥቷል። ድምፄን ሰምቶ አወቀኝ፣ ስለ ባለቤቴ እግዚአብሔር ያጽናሽ አለኝ። መጥተህ መስክርልኝ ስለው ራሱን ነቀነቀ።

«የቆነጠጠ አይመሰክርም» አለ። «የተቆነጠጠ ነው የሚመሰክረው። ልጅቷን አምጫት።»

ስድስት ዓመቷ ነው አልሁት። አባቷ ከሞተ ወዲህ ብዙ አትናገርም፣ ትልልቅ ሰዎች ፊት ስትቆም ትሸሸጋለች አልሁት። ለዚያ ነው የቆነጠጥኋት አለኝ፤ አፏ ቢዘጋ ጆሮዋ አይዘጋም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰዉ ተሰበሰበ። ሽማግሌውን የልጅ ልጁ እየመራ አመጣው። በመጀመሪያው ቀን የነበሩት ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ነጋዴው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጁን ከኋላው አጣምሮ ቆሟል። አዳዳ ትንንሾቹን ይዛ በር ላይ ተቀምጣለች። እኔ ልጄን ከዚያ በፊት ምን ትያለሽ ብዬ አላስጠናኋትም፤ ማስጠናት የሚያስፈልግ አልመሰለኝም። ድንበሩ ከምንጩ በታች መሆኑን እርግጠኛ ነበርሁ። የፈራሁት ደንግጣ እንዳትቀር ብቻ ነው። ፀጉሯን ስሠራላት ጆሮዋን ዳሰስሁ፤ ቀዝቃዛ ነበር።

ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ ፈለጋትና ትከሻዋን ያዘ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ የት የት ነው ያሳመምሁሽ?» አላት።

ሰዎቹ ትንሽ ሳቁ። ልጄ አልሳቀችም። አየችኝ፤ ከዚያ መንገዱ ዳር ወዳለው የመጀመሪያ ድንጋይ ሄዳ እግሯን ጫነችበት። ወደ ሁለተኛው ሄደች። ሦስተኛው ከአጥሩ ወዲያ ነው፤ አጥሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ጎንበስ ብላ በእንጨቶቹ መካከል ሾለከችና ወደ ማዶ ወጣች። ሽማግሌዎቹ ዞረው መሄድ ነበረባቸው። ጠፍጣፋውን ድንጋይ አልፋው ሄደች፤ ዞር ብላም አላየችው። ከቡናው ጎን ያለውን ሦስተኛ ድንጋይ በደረቀ ሣር ውስጥ በእጇ ገልጣ አሳየቻቸው። ነጋዴው ጉሮሮውን ጠረገ።

ከዚያ ወደ ምንጩ ወረደች። በዚህ ጊዜ እኔም በባዶ እግሬ ተከተልሁ። መሬቱ በበቅሎ ኮቴ ተረጋግጦ ጭቃ ሆኗል። ወደ ውሃው ስትቀርብ፣ አሁን ታልፈዋለች፣ አሁን ታልፈዋለች እያልሁ ነበር። ግን አላለፈችውም። ውሃው ከመድረሱ በፊት፣ ሰው ተዘርግቶ ሊተኛ የሚችልበት ያህል ቀርቷት ቆመችና ጭቃው ላይ አመለከተች።

«አስ» አለች፤ እዚህ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በዱላው ጭቃውን ገፋ አደረገው። ድንጋዩ እዚያው ነበር፣ ኮቴ አስምጦት። ከውሃው በላይ ነው ወይስ በታች ብሎ ዓይኑ የማያየው ሽማግሌ ጠየቀ። ልጄም በላይ ነው፣ ውሃው የበቅሎዎቹ ነው አለችው።

ጆሮዬን አላመንሁም። ክንዷን ይዤ ወደ እኔ አዞርኋት። አባባ ውሃው የእኛ ነው አላለም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ልጄ ጆሮዋን ይዛ ወደ መሬት አየች።

«አባባ ሲጠይቃቸው የእናንተ አይደለም አሉት» አለች። «ከዚያ ለእማዬ እኔ ራሴ እነግራታለሁ፣ አንቺ አትንገሪያት አለኝ። አልነገርሁሽም።»

አንዷ በቅሎ ከወዲያ አጥር ውስጥ ታናፋ ነበር። የሰማሁት ነገር ሁለት ሆኖ መጣብኝ። አንደኛው፣ ውሃው የእኛ አይደለም፤ ይህን ቤት የተመኘሁበት ነገር የእኛ አልነበረም። ሌላው፣ እሱ ጉቶው ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ ጭጎጎት ሲለቅም ያን እያወቀ ነበር። እውነቱን አልነገረኝም፤ ሊነግረኝ ግን አስቦ ነበር። ለዚያም ጊዜ አላገኘም።

ከዚያ ነጋዴው ተናገረ። ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ባልሽ ድንበሩ የተያዘ ዕለት ማታ ቤቴ መጥቶ ነበር» አለኝ። «ባለቤቴ ውሃ ያለው ቤት ፈልግልኝ ብላኝ ነው፣ ከምንጭህ እንድትቀዳ ፍቀድልኝ አለኝ። እኔም አስተማሪ ነው፣ ቀለም ያውቃል፣ ዛሬ የለመነ ነገ ወረቀት ይዞ ይመጣል አልሁ። አስብበታለሁ ብዬ ሸኘሁት።» ባርኔጣውን በእጁ አሽከረከረ። «ሞተ ሲሉኝ የባሰ ፈራሁ። ትሸጠዋለች፣ የሚገዛው ደግሞ ከእኔ የሚበልጥ ሰው ይሆናል አልሁ። ምንጩ ከሄደ በቅሎ የለኝም።»

ቀድሞ የፈራ ቀድሞ ያጥራል አለ አንዱ ሽማግሌ፣ ለማንም ሳይሆን።

ሽማግሌዎቹ ከቡናው ሥር ተቀምጠው ተነጋገሩ። ክርክሩ ረጅም አልነበረም። ልጅቷ ለራሷ ብትመሰክር ኖሮ እናቷ አስጠንታት ነው እንል ነበር አሉ፤ እናቷ የፈለገችውን ውሃ ለሰው ሰጥታ የመሰከረች ልጅ ግን ስለ ማድቤቱም ስለ ቡናውም ትታመናለች። ነጋዴው አጥሩን ነቅሎ እንዲወስድ፣ ልጅቷ ያሳየችው ድንጋይም ድንበር እንዲሆን ወሰኑ። ስለ ውሃው ደግሞ፣ ምንጭ የሰው ቢሆንም ለጎረቤት አይከለከልም፣ ግን ሴትዮዋ በቅሎዎቹ ሳይጠጡ በማለዳ ትቅዳ፣ ከዚያ ወዲያ ውሃው ይደፈርሳል አሉ። ነጋዴው እሺ አለ። እኔም እሺ አልሁ። ዓይኑ የጠፋው ሽማግሌ ልጄን አስጠርቶ ጆሮዋን በሁለት ጣቱ፣ ሳይቆነጥጥ ያዛት። «ይህ ጆሮ ይባረክ» አላት። ከዚያ ኪሱን ዳበሰ፤ ሸንኮራ አልያዘም ነበር። ይቅርታ ጠየቃት።

አጥሩ ሲነቀል ሁለት ቀን ፈጀ። ነጋዴው ራሱ ነው የነቀለው፤ እንጨቱን ወደ ታች ሲያወርድ የእኔ ወንድ ልጅ ከኋላው እየተከተለ ጫፉን ይይዝለት ነበር። ተቆጥቼ ጠራሁት፣ ከዚያ ተውሁት። ማድቤቴ ገባሁ። ከእንግዲህ ማንም እያየኝ አላበስልም ብዬ ምድጃው አጠገብ ተቀመጥሁና፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለቤቴን ተቆጣሁት። ለምን አልነገርኸኝም አልሁት። ጉቶው ላይ ተቀምጠህ የውሃውን እውነት ብትነግረኝ ቤቱን አልገዛም እል ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። እል ነበር ይሆናል። እሱም ያን አውቆ ነው ይሆናል። ጎረቤቱ ይፈቅድልኛል፣ ከዚያ በኋላ እነግራታለሁ ብሎ፣ ፈቃዱን ሳያገኝ ወደ ጊምቢ ሄደ። ዴዴሳ ላይ ከመኪናው ሥር ሲተኛ ይህን ሲያስብ አድሮ ይሆን እያልሁ አስባለሁ። ማሰቡን ዛሬም አልተውሁትም።

አንድ ነገር ግን ቀለለኝ። ቤቱ ከእጄ እንደሚወጣ ያለው ፍርሃት ከዚያ እሑድ ወዲህ አብሮኝ አልተኛም። ሌሎች ፍርሃቶች አሉ። ልጅ ሲያስነጥስ እነሣለሁ፤ ወደ ጊምቢ የሚሄድ መኪና ሲያልፍ ቆሜ አያለሁ። ግድግዳው ላይ ያለው የልጄ የእጅ ምልክት አሁን ከእጇ ያንሳል።

እናቴ ለፋሲካ መጥታ ቤቱን አየች። ማድቤቱን፣ ቡናውን ዞራ አየችና፣ ታች ድረስ ወርዳ ድንጋዩ ጋ ቆመች። አጥር የለውም ስትል ሰማኋት፤ ልጄ ደግሞ፣ አያቷ የማታውቀውን እያስተማረች፣ በእግሯ ድንጋዩን እየነካች «ይኸው እኮ» ትላታለች።

አሁን ጀማሪ ልጆችን ፊደል አስቆጥራለሁ። ማለዳ፣ በቅሎዎቹ ሳይወርዱ፣ እንስራዬን ይዤ ድንጋዩን አልፌ ከጎረቤቴ ምንጭ ውሃ እቀዳለሁ።